ከሰቲት ዳር እስከ መዋኛ ገንዳ፦ የዋና አስተማሪነት በሱዳን ምሥራቃዊ ድንበር

በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ተማሪዎችን በገንዳ ውስጥ ለውድድር የሚያዘጋጅ የዋና አሰልጣኝ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በዓለም ላይ እምብዛም የማይታወቅ ባለሙያ ነበር፤ ዋናን ማስተማር ግን ከዚህ የሥራ መደብ እጅግ የቆየ ሙያ ነው። ከወልቃይትና ከመተማ ቆላ ወደ ምዕራብ ወርዶ እስከ ገዳሪፍና እስከ ከሰላ በሚዘረጋው የድንበር ምድር፣ ገንዳም ኮሌጅም ሳይኖር፣ ወንዝን መሻገርና በወንዝ ውስጥ ማደን ከሽማግሌ ወደ ወጣት የሚተላለፍ መተዳደሪያ ነበር። የዚህ አካባቢ ታሪክ የተለየ የሚሆነው የወንዙ አስተማሪና የገንዳው አሰልጣኝ ፈጽሞ ሳይገናኙ በመቅረታቸው ነው፤ የመጀመሪያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጦርነትና በረሃብ ሲመናመን፣ ሁለተኛው በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ብቅ ያለው በሌላ መንገድ፣ ከወንዙ ሰዎች ምንም ሳይወርስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ገዳሪፍ ራሷ የወንዝ ከተማ አይደለችም። ማሽላና ሰሊጥ በሚበቅልበት ጥቁር የመረሬ ሜዳ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ በአትባራ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ በራሃድ መካከል የተቀመጠች የእህል ገበያ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ወንዞች ግን ሁሉም ምንጫቸው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ድንበር ሲሻገሩም ስማቸው ይለወጣል። ተከዜ ሰቲት ይሆናል፤ ጓንግ አትባራ ተብሎ ይቀጥላል፤ አንገረብ በታችኛው ጉዞው ባሕረ ሰላም ይባላል፤ ሽንፋም ራሃድ ተብሎ ወደ ጥቁር ዓባይ ይፈስሳል። የእነዚህ ወንዞች ጠባይ የዋናን ሙያ ቀርጾታል። አብዛኞቹ በበጋ ፍሰታቸው ተቋርጦ በየርቀቱ የሚገኙ ኩሬዎች ብቻ ይቀሩባቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ተጠራርጎ ስለሚመጣ፣ በእግር ይሻገሩት የነበረው ወንዝ በአንድ ሌሊት የማይደፈር ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ በሚይዝ ወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ ጀልባ ሠርቶ፣ ወደብ አበጅቶ፣ ጀልበኛም አሠልጥኖ ይኖራል፤ በዓመት ከሦስት እስከ አራት ወር ብቻ በሚሞላና በቀሪው ጊዜ አሸዋ በሆነ ወንዝ ዳር ግን ጀልባ መሥራት አይከፍልም። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ የጀልባን ቦታ የያዘው የሰው አካል ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሙያ በስፋት የጻፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከርና ባለቤቱ ፍሎረንስ የነጭ ዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከመውጣታቸው በፊት ከ1861 እስከ 1862 በአትባራ፣ በሰቲት፣ በባሕረ ሰላምና በራሃድ ዳር ቆይተዋል፤ የጉዞው መጽሐፍም በ1867 ለንደን ውስጥ ታትሟል። ቤከር አዳኝ ነበርና መጽሐፉ በአደን ወሬ የተሞላ ነው፤ ያገኛቸውን ሰዎችም በዘመኑ አውሮፓዊ ትምክህት ይመለከታቸዋል። የሆነ ሆኖ በዓይኑ ያየውን መሣሪያና ዘዴ በልኩ፣ በርዝመቱና በአሠራሩ መዝግቦ የማስቀመጥ ልማድ ስለነበረው፣ ራሳቸው ጽሑፍ ላልተዉት የወንዝ ሰዎች ታሪክ መጽሐፉ ዋነኛ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ቤከር በሰኔ 1861 በታችኛው አትባራ ሲሰፍር ወንዙ ደርቆ ነበር። ሰኔ 23 ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ ጉርምርምታ የመሰለ ድምፅ ሲሰማ፣ በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ዓረቦች ወንዙ መምጣቱን እየጮኹ ወደ ዳር ሸሹ፤ በነጋታው ጠዋት 500 ያርድ፣ ማለትም ወደ 450 ሜትር ስፋት ያለውና ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚጠልቅ ወንዝ ከፊታቸው ይፈስ ነበር። ቤከር ይህን ሙላት በዓይኑ በማየቱ፣ የግብፅን መሬት ያዳብር የነበረው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ በሚወርዱ ወንዞች ይመጣ እንደነበር ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የሚፈለገው ሌላው ገጽታው ነው፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሻገር መልእክተኛም ሆነ እህል የሚያልፈው በዋናተኛ ብቻ ነበር።

የመሻገሪያው ዘዴ ቤከር ክረምቱን ባሳለፈባት፣ በአትባራ ዳር በምትገኘው በሶፊ መንደር በግልጽ ይታያል። ዋናተኛው ብቻውን ሲሻገር የተነፋ የፍየል ቆዳ፣ ማለትም አፉ የታሰረ ስልቻ፣ ከደረቱ ሥር ይይዝና በእግሩ እየገፋ ውኃው ወደ ታች እንዲወስደው ይፈቅዳል፤ ከመነሻው ትይዩ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ዕቃ ሲሻገር ደግሞ ብዙ ስልቻዎች በአንገረብ ሥር ይታሰራሉ፤ አንገረብ የሚባለው በእንጨት ክፈፍ ላይ በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነው። ቤከር ባለቤቱንና ጓዙን ለማሻገር በስምንት የተነፉ ቆዳዎች ላይ አንገረብ አንሳፎ፣ ከእንግሊዝ ያመጣውን ክብ የመታጠቢያ ገንዳ በላዩ አስቀመጠ፤ መንሳፈፊያውንም ዋናተኞች በገመድ እየጎተቱና ከኋላ እየገፉ አሻገሩት። ትልቁ ብልሃት በጉልበት ላይ አልነበረም። ልምድ ያለው ዋናተኛ ውኃውን አይታገልም፤ ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ አስልቶ፣ በስንት ርቀት ከላይ መነሣት እንዳለበት ይወስናል። ይህን ስሌት የማያውቅ ጎበዝ፣ የቱንም ያህል ክንደ ብርቱ ቢሆን፣ ሙላት ይወስደዋል።

ከእነዚህ ዋናተኞች ሁሉ በሙያቸው የታወቁት በሰቲት ዳር የሚኖሩት የሐምራን ዓረቦች ነበሩ። የሐምራን አዳኞች በሁለት ይከፈላሉ። ዓጋጊር የሚባሉት በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ የሚያድኑ ሲሆኑ፣ ታህር ሸሪፍና ወንድሞቹ በዚህ ሥራ ዝነኞች ነበሩ። ሐዋርቲ የሚባሉት ደግሞ ጉማሬን በውኃ ውስጥ እየዋኙ በጦር የሚወጉ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ቤከር አብልጦ ያደነቀው ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋውን አቡ ዶን ነው። ቤከር በዚህ ሽማግሌ አካል ላይ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የባሕር አምላክ አድርገው የሚቀርጹትን ምስል አይቷል፤ አድናቆቱ ከልክ ያለፈ ቢመስልም፣ ሽማግሌው አዞ በሞላበት ወንዝ ውስጥ ገብቶ በጉማሬ መንጋ አጠገብ ሲዋኝ ላየ ሰው የሚገርም አይደለም።

የሐዋርቲው መሣሪያ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ጫፉ 11 ኢንች ያህል የሚረዝምና አንድ መንጠቆ ያለው የብረት ስለት ሲሆን፣ 10 ጫማ በሚረዝም የሽመል ዘንግ ጫፍ ላይ ይሰካል። ከስለቱ ጋር 20 ጫማ ያህል ገመድ ይታሰራል፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ አምባች ከተባለ፣ እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት የተሠራ የሕፃን ራስ የሚያህል ተንሳፋፊ አለ። አደኑ የሚጀመረው ከመንጋው ርቆ በላይኛው ወንዝ ነው፤ ሁለት ሐዋርቲዎች ወደ ውኃው በጸጥታ ገብተው፣ ክንዳቸውን ሳያንቦጫርቁ፣ ወንዙ ራሱ ወደ ጉማሬው እንዲያደርሳቸው እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ። እንስሳው ከመጥለቁ በፊት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወረውራሉ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ጠልቀው ይርቃሉ፣ የቆሰለ ጉማሬ ወደ ላይ የሚወጣው የሚነክሰውን እየፈለገ ነውና። ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊው እንስሳው የተደበቀበትን ቦታ ያመለክታል። በሁለቱ ዳሮች የቆሙ ሰዎች ረጅም ገመድ በወንዙ ላይ ዘርግተው ተንሳፋፊውን በመሐል ያጠምዱታል፤ ጉማሬውም በብዙ ክንድ እየተጎተተ ወደ ጥልቀት የለሽ ውኃ ይወጣና በጦር ተወግቶ ይሞታል። ሥጋው ይበላል፤ ስቡ ይቀልጣል፤ ቆዳው እየተሸነሸነ አለንጋ ሆኖ እስከ ግብፅ ድረስ ይሸጣል።

ይህ ሥራ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚጠይቅ ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። ተማሪው ፍጥነትን አይማርም፤ ይልቁንም ሁለቱን እጆቹን ለጦሩ ትቶ በእግሩ ብቻ መንሳፈፍን፣ ትንፋሽን ይዞ መቆየትን፣ የውኃውን አዙሪትና የአዞውን መዋያ ማወቅን ይማራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጓደኛው ጋር እኩል መወርወር አለበት፤ አንዱ ቢቀድም ሌላው በተቆጣ አውሬ ፊት ባዶ እጁን ይቀራል። እንዲህ ያለው ነገር በወሬ አይተላለፍም፤ ሽማግሌው ከወጣቱ ጋር ራሱ ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። በዘመናዊው አነጋገር አቡ ዶ አሰልጣኝም፣ የቡድን አለቃም፣ ተወዳዳሪም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ በኩል ለዚህ የሚቀርበው የጣና ሐይቅ ነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ነው፤ እነርሱም ጉማሬ አዳኞችና የደንገል ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። ጣና ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያለው ሐይቅ በመሆኑ የእነርሱ ጥበብ በታንኳው ላይ ሲያተኩር፣ የሰቲቱ ሰው ጥበብ በራሱ አካል ላይ ቀረ።

የዚህ ሙያ መቋረጥ አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀም። በ1881 የተነሣው የመሐዲ እንቅስቃሴ ምሥራቅ ሱዳንን ሲያጥለቀልቅ የድንበሩ ነገዶች በሁለት እሳት መካከል ገቡ። በመጋቢት 1889 አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ፤ በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ በኩል ክፉ ቀን የተባለው፣ በሱዳን በኩልም በሂጅራ አቆጣጠር 1306 ላይ የደረሰው ታላቅ ረሃብ ቆላውን ባዶ አደረገው። የሐምራን ቁጥር እጅግ ተመናመነ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት የእንግሊዝ ሹማምንት ያገኙት የቀድሞው ነገድ ቅሪት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በመስከረም 1898 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ ገዳሪፍን ከመሐዲ ተከታዮች እጅ ለመያዝ ሲዘምት አትባራ ሞልቶ ጠበቀው፤ ጀልባ ስላልነበረ ሠራዊቱ በስፍራው ተሠርተው በቀረቡ መንሳፈፊያዎች እስኪሻገር ቀናት ፈጀ፣ ገዳሪፍም የተያዘችው መስከረም 22 ቀን ነው። ዊንስተን ቸርችል ይህን ዘመቻ በመጽሐፉ ተርኮታል።

በግንቦት 15 ቀን 1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ድንበሩን ሲወስን፣ በዚያው ዓመት በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ከእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስፖርትን እንደ ጠባይ ማነጫ የሚቆጥር አስተሳሰብ ይዞ መጣ። የሱዳን የፖለቲካ አገልግሎት የሚባለው፣ አውራጃዎቹን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ሹማምንት ማኅበር፣ አብዛኞቹን ምልምሎቹን የሚወስደው ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ሲሆን፣ በስፖርት ዩኒቨርሲቲያቸውን ወክለው ሰማያዊ የክብር ምልክት ለተቀበሉት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በአዲስ አበባ በ1910 የተወለደውና በኦክስፎርድ በቦክስ ይህን ምልክት ያገኘው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በ1940 በገላባት ግንባር ከሱዳን መከላከያ ጦር ጋር ነበር፣ ከዚያም ወደ ጎጃም ዘልቋል። እነዚህ ሰዎች እግር ኳስን፣ ሩጫንና ፖሎን በሱዳን ሲያስፋፉ፣ የወንዙ ሰው ዋና ግን በዓይናቸው ስፖርት አልነበረም፤ የአገሬው ሰው ኑሮ ነበር።

በሌላው ዓለም የነባር ሕዝቦች ዋና መጀመሪያ ቢናቅም፣ ኋላ ነገሩ ተቃራኒ ሆነ። በ1844 ሁለት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች በለንደን እጃቸውን ከውኃ በላይ እያወጡ ሲዋኙ የእንግሊዝ ጋዜጦች አውሮፓዊ ያልሆነ ዘዴ ብለው አጣጣሉት፤ ካፒቴን ማቲው ዌብ በ1875 የእንግሊዝን ሰርጥ በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያቋረጠውም በደረት ዋና ነው። ነገር ግን ጆን ትረጅን በደቡብ አሜሪካ ያየውን የእጅ አወራወር በ1873 በእንግሊዝ አሳየ፤ በክፍለ ዘመኑ መዞሪያም ከሰሎሞን ደሴቶች ወደ ሲድኒ የመጣው አሊክ ዊክሃም የደሴቱን የዋና ስልት ለአውስትራሊያውያን አሳያቸው። ዛሬ ክሮል የሚባለው፣ ዋናተኛው በደረቱ ተኝቶ እጆቹን በየተራ ከውኃ እያወጣ የሚዋኝበት ፈጣኑ ስልት፣ ከእንደዚህ ዓይነት መገናኘት የተገኘ ነው።

የኮሌጅ አሰልጣኙ የተፈጠረው በዚህ ስልት ላይ ነው። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኪፉት በ1914 በአካል ማጎልመሻ መምህርነት ተቀጥሮ፣ ከ1917 እስከ 1959 የዋና ቡድኑን ሲመራ 528 ጊዜ አሸንፎ 12 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ዋናተኞችን ከውኃ ውጭ በጂምናስቲክ ማጠንከርም የእርሱ መለያ ነበር። የኢንዲያናው ጄምስ ካውንስልማን ከ1957 እስከ 1990 ሲያሠለጥን ካሜራ ከውኃ በታች አስገብቶ የእጅን እንቅስቃሴ አጠና፣ በ1968 ዋናን እንደ ሳይንስ የሚያቀርብ መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ሰባት ወርቅ ያገኘውን ማርክ ስፒትዝንም አሠለጠነ፤ በ58 ዓመቱ ደግሞ ራሱ የእንግሊዝን ሰርጥ ዋኝቶ ተሻገረ። የኮሌጅ አሰልጣኝ የሥራ ዕድል በዩኒቨርሲቲው በጀት፣ በገንዳው ርዝመትና በየዓመቱ በሚመለመሉ ተማሪዎች የተወሰነ ሲሆን፣ ውጤቱም በመቶኛ ሰከንድ ይለካል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ዓለም የገባችው ዘግይታ ነው። በሩጫ ከ1956 ጀምሮ በኦሊምፒክ የተሳተፈች አገር በዋና የቀረበችው በ2012 በለንደን ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቿም ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም ነበሩ። በ2016 በሪዮ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻ ሲሆን፣ የዓለም መገናኛ ብዙኃን በአካሉ ቅርጽ ተሳለቁ፤ በአገር ውስጥ ደግሞ ቁጣው በአመራረጡ ላይ አተኮረ። ሁለቱም ወገን ዋናውን ነገር ሳተው፤ የአገሪቱ ገንዳዎች በአብዛኛው እንደ ግዮን፣ ሶደሬና አምቦ ያሉ የመዝናኛ ስፍራዎች ናቸው፤ አሰልጣኝ የሚያፈራ የውድድር ሥርዓት ደግሞ በመዝናኛ ገንዳ አይበቅልም። ተከዜን ወይም ዓባይን በክረምት የሚሻገሩ የቆላ ዋናተኞችን ፈልጎ ወደ ውድድር የማምጣት ልማድም አልተፈጠረም።

በገዳሪፍ ታሪክ ውስጥ የውኃ አሰልጣኝ የሚል የሥራ ስም የያዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ታይተዋል፤ የታዩትም በሽፋንነት ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አባላት ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች ሲደርሱ፣ በ1979 ሱዳን የገባው ፈረደ አክሉም ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ጋር ሆኖ መውጫ መንገዱን አዘጋጀ። ድርጅቱም ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዓሩስ የተባለውን የተተወ የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ አድርጎ ከፈተው። ወኪሎቹ ቀን ለአውሮፓውያን ቱሪስቶች የመጥለቅ ትምህርት እየሰጡ፣ በተወሰኑ ሌሊቶች ከገዳሪፍ በጭነት መኪና የመጡ ስደተኞችን ለእስራኤል ባሕር ኃይል ጀልባዎች ያስረክቡ ነበር። በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች በበሽታና በረሃብ ከሞቱት ብዙ ሺህ ሰዎች አንጻር በባሕር የወጡት ጥቂት ነበሩ፤ ብዙዎቹ የወጡት ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በአውሮፕላን ነው።

ወንዙ ራሱም ተለውጧል። በ1964 በአትባራ ላይ የኻሽም ኤልጊርባ ግድብ ሲጠናቀቅ፣ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተነሡ ወደ 50,000 የሚጠጉ ኑባውያን በአቅራቢያው በኒው ሐልፋ ሰፈሩ። በዓባይ ዳር ተወልደው ውኃ ውስጥ ያደጉ ሰዎች በጥጥና በስንዴ መስኖ መካከል ተቀመጡ፤ ልጆቻቸውም በቦይ መዋኘት ጀመሩ፤ በቦይ ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያም የአካባቢው የጤና ችግር ሆነ። የጤና ባለሙያው ልጅን ከቦይ ሲከለክል፣ ዋናን የሚማርበትን ብቸኛ ቦታም አብሮ ይዘጋል። ቆየት ብሎም በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የሩሜላና የቡርዳና መንታ ግድቦች ተሠርተው በ2017 ሲመረቁ፣ የሐምራን ጉማሬ አዳኞች ከሠሩባቸው ዳሮች ከፊሉ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ተዋጠ።

በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ወደ ሱዳን ከሸሹት ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች ብዙዎቹ ሰቲትን ተሻግረው ሐምዳይት ገቡ። ጀልባ ያገኘ በጀልባ፣ ያላገኘ ባዶ የፕላስቲክ በርሜሎች ጎን ለጎን ታስረው በላያቸው ጣውላ በተነጠፈበት መንሳፈፊያ፣ የቸኮለም ዋኝቶ ተሻገረ፤ ከዚያም ኡም ራኩባንና ቱናይድባን በመሳሰሉ የገዳሪፍ መጠለያዎች ሰፈሩ። ከተሻጋሪዎቹ መካከል ዕድሜያቸውን በደጋ ያሳለፉና ጥልቅ ውኃ ገብተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 372,000 ሰዎች በውኃ ሰጥመው እንደሚሞቱና ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚገኙ ገምቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በሚያዝያ 2021 ስለ መስጠም መከላከል የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳልፏል። ከሚመከሩት እርምጃዎች አንዱ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ ልጆችን መሠረታዊ ዋና ማስተማር ሲሆን፣ ይህም መንሳፈፍን፣ ትንፋሽን መቆጣጠርን፣ አጭር ርቀት መጓዝንና ሌላውን ሳይሰጥሙ መርዳትን ያጠቃልላል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የክሮል ፍጥነት የለም፤ ከካውንስልማን ካሜራ ይልቅ በሶፊ መሻገሪያ ስልቻ ይነፉ የነበሩት ሰዎች ያውቁት ለነበረው ነገር የቀረበ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የሚያሠለጥኑት ግን እስከ አሁን በአብዛኛው ለገንዳ ነው፤ የወራጅ ውኃን ስሌት፣ ማለትም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወጣ መገመትን፣ ተማሪው የሚያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን በክረምት ወንዝ ዳር ከሚኖር ሰው ነው።